የካፒቴኑ እናት

ልጇ ካፒቴን ከሆነ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ሰላም የላትም። ካፒቴን ሲባል መርከብም አውሮፕላንም ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ተዋናይ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በቴሌቪዥን በሚታይ ተከታታይ ድራማ ላይ በከዋክብት መካከል የምትጓዝ ትልቅ መንኮራኩር ያዛል። ዕድሜውን ሙሉ አንዴ አስተናጋጅ፣ አንዴ ዘበኛ፣ አንዳንዴም አስከሬን ሆኖ ሲተውን ኖሮ አሁን ገና ስሙ ተጠራ። የተጠራው ግን ለእርግማን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ሞተሯ ተቃጥሎ፣ አየሯ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወደ ትልቋ ትጠጋለች። የያዘቻቸው ሰዎች ታመዋል፤ በሽታው ደግሞ ተላላፊ ነው። የትንሿ ካፒቴን፣ ጺማሙ ሰውዬ፣ «በሩን ክፈትልን፤ ሕፃናት ይዣለሁ» ብሎ ይለምናል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ፊቱን ቅጭም አድርጎ «እኔም ስምንት መቶ ነፍስ ይዣለሁ» ይለዋል። «እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እከፍት ነበር» ይላል ጺማሙ። «ለዚያ ነው የእኔ ቦታ ለአንተ ያልተሰጠው» ብሎ ይመልስለትና ስክሪኑን ድርግም ያደርገዋል። በሩ ሳይከፈት የዕለቱ ክፍል አለቀ።

በማግስቱ ሱቋን ከፍታ ገና አረፍ ሳትል፣ ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛ መርፌው ወገቧ ላይ እንደተሰካ ዞር ብላ «እንዲህ አድርገሽ ነው ልጅ ያሳደግሽው?» አለቻት። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ያለወትሮው የሚያናግራት ጠፋ። የሕንፃው ጥበቃ ደግሞ «እትዬ፣ ልጅዎ ሲመጣ እኔም በሩን አልከፍትለትም» ብሎ በራሱ ቀልድ ተንከተከተ። እሷ ግን ፈገግ ለማለት እንኳ ጥርሷ አልታዘዛትም።

ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር። «እሱ ምን ያድርግ? የተጻፈለትን ነው የሚለው! ጸሐፊው ክፈት ቢለው ይከፍት ነበር!» ይህንኑ ለደንበኛው፣ ለጎረቤቱ፣ ለታክሲ ረዳቱ፣ በስልክ ለልጇም ጭምር ስትል ምላሷ ዛለ። ሰው አዋቂ ሆኖ፣ ድራማ መሆኑን እያወቀ፣ እሷን በአደባባይ ሲያፋጥጣት ጨጓራዋ ይላጣል።

ሰው ሁሉ ቢላትስ አንድ ነገር ነው፤ የሻለቃ ግን ጎዳት። ሻለቃ ወታደር አይደለችም። በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን አብራት ተቀምጣ ያረጀች ባልንጀራዋ ናት፤ ቁልፍ የምትተክለው፣ ጠርዝ የምትዘመዝመው እሷ ናት፤ ስሙ የወጣላት ደንበኛውን ሁሉ «ቁሚ! ዙሪ! ሆድሽን ሳቢ!» እያለች ስለምታዝ ነው። ልጁን ከእናቱ እኩል ያሳደገችው፣ ትምህርት ቤት እጁን ይዛ ያመላለሰችው እሷ ናት።

«የተጻፈለትን ነው፣ እሺ» አለች ሻለቃ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ግን ዓይኑን አይተሽዋል? ደስ ብሎት ነው የዘጋው። እኔ ያንን ልጅ አውቀዋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። «አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ? በልጄ ምን አግብቶሽ!» አለቻት።

ሻለቃ ከወንበሯ ተነሳች። መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ሱቁ ገደል መሰለ። ቁልፍ ያልተተከለለት ሸሚዝ፣ ጠርዙ ያልተያዘ ሱሪ ተቆለለ። ሥራውስ ይሁን፤ የሚያቃጥላት የምትነጫነጭበት ሰው ማጣቷ ነው። ሄዳ እንዳትለምን ደግሞ ልጇን አሳልፋ የሰጠች መሰላት። ስለዚህ እየተብሰለሰለች ተቀመጠች።

እሑድ ልጇ ምሳ ሊበላ መጣ። «እማ፣ መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ አበሻቅጣ ሰደበችኝ!» አለ፣ እንደተመረቀ ሰው ፊቱ በርቶ።

«አንተ ትስቃለህ፤ እኔ ሰው ፊት መቆም አቅቶኛል» አለች። «እባክህ ጸሐፊውን ለምነው። በሚቀጥለው ክፍል በሩን ይክፈትልህና ይለፍልኝ።»

«ጸሐፊውማ ከፍቶት ነበር እኮ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መጀመሪያ የሰጠን ጽሑፍ ላይ ካፒቴኑ ትንሽ ያንገራግርና ይከፍታል። እኔ ነኝ ለምኜ እንዲዘጋ ያስደረግሁት። የሚከፍት ካፒቴን ማን ያስታውሳል? ይኸው አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እኔ ነው።»

ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «ሻለቃ በዚህ የተነሳ ጥላኝ ሄዳለች» አለችው።

«እሷ ደግሞ ታበዛዋለች። ድራማ ነው እኮ፣ እማዬ» አለና ሳህኑን አቀረበ። እሷም ጨለፈችለት፤ ምን ታድርግ፣ እናት ናት። ውስጧ ግን አረረ። በሩን መዝጋቱ አይደለም ያንገበገባት። «የተጻፈለትን ነው» እያለች ስትሟገት እየሰማ ዝም ማለቱ ነው። ከዚያም ይብስ፣ የወለደችውን ልጅ ከእሷ ይልቅ ሻለቃ ማወቋ ነው።

እሱን ሸኝታ በቀጥታ ወደ ሻለቃ ቤት ገሰገሰች። የምትለውን መንገድ ላይ ስታሰናዳ ሄደች፤ ልክ ነበርሽ፣ አፌን በቆረጠው፣ ተመለሽ።

ሻለቃ በሩን ከፍታ ስታያት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ቆይ፣ ምንም እንዳትናገሪ፤ እኔ ልቅደም» አለች። «አስቤ አስቤ እንቅልፍ አጣሁ። ልጁ ምን አጠፋ? የተጻፈለትን ነው የሚለው፣ አንቺ እንዳልሽው። በክንዴ ያሳደግሁትን ልጅ ክፉ ነው ማለቴ፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ብትነግራት ሻለቃ ያንን ልጅ ዳግመኛ ዓይኑን አታየውም፤ ባትነግራት ነገ ጠዋት የስፌት መኪናዋ ቦታው ይመለሳል። «ወልደሽ ታውቂያለሽ?» ስላለቻትም ይቅርታ መጠየቅ ነበረባት። ሻለቃ እጇን ይዛ ትጠብቃለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት።

ሻለቃ ጉንጯን ስማ አመሰገነቻት።