ፈረንሳይኛና የራዲዮ ድንጋይ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ የደከሙ የራዲዮ ድንጋዮችን አጥሯ ላይ ለፀሐይ ደርድራ አየሁ። አሁንም እንዲህ የሚያደርግ ሰው አለ ለካ።

እኛም ቤት እናቴ ድንጋዮቹን ቀን ቀን ፀሐይ ታስመታቸው ነበር፣ አመሻሽ ላይ ለፈረንሳይኛው እንዲደርሱ ብላ። ታላቅ ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርናውን ሸሽቶ ጅቡቲ ገባ ከተባለ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። የጅቡቲ ራዲዮ በፈረንሳይኛ እንደሚያወራ ስትሰማ፣ ቋንቋውን እንድማር ራዲዮኑን አስይዛ ወደ ኦቦ ቶሎሳ ላከችኝ። ኦቦ ቶሎሳ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠሩ ቋንቋውን ለምደው አምቦ የተመለሱ ሽማግሌ ነበሩ።

ቃል አላስሸመደዱኝም። ዓይኔን ያስጨፍኑኝና፣ «ከቃሉ ኋላ አትሩጪ፣ ያመልጥሻል» ይሉኛል። «መጀመሪያ ሰውየው ተቆጥቶ ነው ወይስ ተረጋግቶ የሚያወራው? እሱን ንገሪኝ።»

ሳምንታት ሙሉ የነገርኳቸው ይህንኑ ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ወደብ፣ መርከብ፣ ሙቀት የሚሉትን መለየት ጀመርኩ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እቤት ሆኜ ስሰማ፣ ምስር ትለቅም የነበረችው እናቴ ቀና አለች።

«ማል ጄዳን?» አለችኝ። ምን አሉ ማለቷ ነው።

«ነገም በጣም ይሞቃል አሉ።»

«እዚያ?»

«አዎ፣ እዚያ።»

«እንግዲያው ብርድ አይነካውም» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ዛሬ ፈረንሳይኛ ሳልቸገር እሰማለሁ። ዜናውን ሥራ እየሠራሁ አሳልፈዋለሁ፤ የአየር ጠባዩ ሲደርስ ግን ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።