ሚስማር ላይ የተሰቀሉት ሁለት ትራንዚስተሮች

መርሳ፣ ጋሽ ሰይድ ሬዲዮ ጥገና ቤት ሥራ በጀመርኩ ቀን፣ ረፋድ እንኳ ሳይሆን ሁለት ትራንዚስተር አቃጠልኩ። ከወልድያ ቴክኒክ ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ የተመረቅኩት በዚያው ዓመት ነበር። ዲፕሎማዬን በፕላስቲክ አስለብሼ ይዤ ነው የሄድኩት። ጋሽ ሰይድ ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩና መለሱልኝ፤ ከዚያ ድምፅ አልሰጥ ያለ የሠርግ ቤት አምፕሊፋየር ፊቴ አስቀመጡ።

ከፈትኩት። ትራንዚስተሩ ነዷል። ቀየርኩት፣ አበራሁት፣ ጨሰ። ሌላ ቀየርኩ፤ እሱም ጨሰ። ሦስተኛውን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

“ቆዪ እስቲ ሙሉ፣ ይኼ ትራንዚስተር በገዛ ፈቃዱ ነው የነደደው?”

“አይ፣ ብዙ ከረንት አልፎበት ነው።”

“ማን አዞት አሳለፈ?”

እጄን ከትራንዚስተሮቹ መለስኩ።

“ታዲያ ታዛዡን ለምን ትቀጪዋለሽ? አዛዡን ፈልጊ እንጂ!”

አዛዡ ከትራንዚስተሩ ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ዋጋው ከከረሜላ የማይበልጥ፣ ከረንት የሚገታ አንድ ሬዚስተር ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ሰይድ የነደዱትን ሁለቱን በቀጭን ሽቦ አሥረው ከወንበሬ በላይ ሚስማር ላይ ሰቀሏቸው። ደንበኛ “ይኼ ምንድን ነው?” ብሎ በጠየቀ ቁጥር “የሙሉ ዲፕሎማ” ይላሉ። አምስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ አሉ!

የሚያናድደው ነገር፣ እኔ ትምህርቱን አውቀው ነበር። ሽቦዎች የሚገናኙበትን ነጥብ ኖድ እንለዋለን። ወደ ኖዱ የሚገባውና የሚወጣው ከረንት እኩል ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ኖድ አንድ እኩልታ ይጻፋል። ባትሪ የራሱ ቮልቴጅ አለው። ትራንዚስተር ግን ጥገኛ ምንጭ ነው፤ የሚያሳልፈውን ከረንት የሚወስንለት ሌላ ቦታ ያለ ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ ለማን እንደሚታዘዝ የሚናገር አንድ እኩልታ ይጨመራል። ፈተና ላይ ይህን ጽፌ ኤ አግኝቻለሁ። ጋሽ ሰይድ ኖድ የሚባል ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ጣታቸውን በመዳቡ መስመር ላይ እየነዱ በልባቸው ይጨርሱታል። እቀናባቸው ነበር።

በኋላ ኮሌጁ አስተማሪ አድርጎ ቀጠረኝና ወደ ወልድያ ተመለስኩ። የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሲደርስ በእግሬ መርሳ ገባሁ፣ ጋሽ ሰይድ ቤት። ብዙም ሳይቆይ መርሳም ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ።

አንድ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር አስናቀች አንድ ቦርድ በነጠላዋ ጠቅልላ እየሮጠች መጣች። ከጄኔሬተሩ ላይ የተፈታ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ነው። ቮልቴጁ በድንገት አሻቅቦ አምፖሎቹን ስለጨረሰባቸው ጄኔሬተሩን አጥፍተውታል። ሉባባ የምትባል ከሀብሩ ገጠር የመጣች እናት፣ ሳንባ ምች የያዛት የአርባ ቀን ሕፃን ይዛ እዚያ ተኝታለች።

“የኦክስጅን ማሽኑን ነቅዬ ልጅቷን ሲሊንደር ላይ አድርጌያታለሁ” አለች ሲስተር። “ሲሊንደሩ ግፋ ቢል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለኝም።”

“አብሽሪ” አሉ ጋሽ ሰይድ። የቆርቆሮ ሣጥናቸውን ገለበጡት። ቦርዱ ላይ የነደደው ትልቁ ትራንዚስተር ነው፤ እሱን የሚተካ አንድ ብቻ ተገኘ። “ሌላ የለም። ኮምቦልቻ የምትልኪው ሰው ካለሽ ላኪ” አሉኝ፣ ያን ጊዜም መቀለድ ሳይተዉ። ቮልቴጅ የምንለካበት ቴስተር ባትሪም እያለቀ ስለነበር ቁጥሩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሦስት አራት ቦታ ከለካሁ በቃ። የቀረኝ ወረቀት ነበር።

መስመሮቹን እየተከተልኩ ሰርኪዩቱን በካርቶን ላይ ሳልኩ። ቦርዱ የጄኔሬተሩን ቮልቴጅ የሚያይበት ክፍል አንድ ትንሽ ትራንዚስተር አለው። ቮልቴጁ ዝቅ ያለ ሲመስለው ትልቁን ትራንዚስተር “ጨምር” ይለዋል። ለዚህ ክፍል ከባጃጅ ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ሰጠሁትና ጤነኛ ቢሆን ኖዶቹ ላይ ስንት እንደሚገኝ አሰላሁ። በትንሹ ትራንዚስተር አንድ ነጥብ ሦስት ሚሊአምፒር ያልፋል፤ መውጫው ኖድ ላይ ስድስት ቮልት ይገኛል። ለካሁ። አሥር!

ስሌቱን ቀጠልኩ። አንድ ነጥብ ሦስት ሚሊአምፒር አልፎ አሥር ቮልት የሚገኘው፣ መውጫው ላይ ያለው አምስት ሺህ ኦም ገደማ የነበረው ሬዚስተር ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ከወረደ ነው።

“አገኘሁት!” ብዬ ጮህኩ። መበየጃው የሶልደር ብረት ከሰል ላይ ግሎ ነበር፤ ብድግ አደረግኩት።

ጋሽ ሰይድ ካርቶኑን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። “ይኼ አንድ ነጥብ ሦስት የሚለው ምንድን ነው?”

“የትራንዚስተሩ ከረንት ነው።”

“ጤነኛ ሲሆን?”

“አዎ፣ ጤነኛ ሲሆን።”

“አሁን ጤነኛ ነው እንዴ?”

በአገጫቸው ወደ ሚስማሩ አመለከቱኝ።

ፊቴ በእፍረት ጋለ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ የምቆጣበትን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ጥገኛውን ምንጭ እንደ ባትሪ ቋሚ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ። ያንን ጤነኛ ሬዚስተር ቀይሬ የመጨረሻውን ትራንዚስተር ብተክል ኖሮ እሱም ይነድ ነበር። የሉባባን ልጅ አሰብኩና የሶልደር ብረቱን ወደ ከሰሉ መለስኩ።

ቁጥሩን ሰርዤ እኩልታውን ጻፍኩ፤ ከረንቱ የትንሹ ትራንዚስተር መግቢያ ኖድ እንዳዘዘው ነው። ከትራንዚስተሩ እግር ሥር ያለውን አንድ ሺህ ኦም ሬዚስተር ለካሁት፤ ዜሮ ነጥብ አራት ቮልት አለው። ስለዚህ የሚያልፈው ዜሮ ነጥብ አራት ሚሊአምፒር ብቻ ነው! በዚህ ከረንት የመውጫው አሥር ቮልት ልክ ነው፤ ሬዚስተሩም ምንም አልሆነም። የጎደለው የመግቢያው ቮልቴጅ ነው። ወደ መግቢያው ቮልቴጅ የሚያወርደውን ሬዚስተር አንድ እግሩን ነቅዬ ለካሁ። አሥር ሺህ ኦም መሆን ሲገባው ከሃያ ሺህ በላይ ሆኗል። ቦርዱ ጄኔሬተሩ የደከመ እየመሰለው “ጨምር፣ ጨምር” ሲል የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

“እሱ ነው አዛዡ!” አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ። ከአሮጌ ሬዲዮ አሥር ሺህ ኦም ነቅለው ሰጡኝ። እሱን ከበየድኩ በኋላ መውጫውን እንደገና ለካሁት፤ ስድስት። ከዚያ በኋላ ነው ትራንዚስተሩን የተከልኩት።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል። ቦርዱን ቦታው መለስኩ፤ ጄኔሬተሩ ተነሣ። የቮልቴጅ መለኪያው መርፌ መቶ ሰማንያን አለፈ፣ ሁለት መቶን አለፈ፣ ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆመ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩት። አልተነቃነቀም።

“አልሐምዱሊላህ!” አሉ ጋሽ ሰይድ። እኔ እንደ ልጅ ዘለልኩ፤ ሲስተርን አቅፌ ልጥላት ነበር። እሷ ግን ቀድማኝ ወደ ውስጥ ሮጣ ቱቦውን ከሲሊንደሩ ወደ ማሽኑ አዞረች። ሉባባ ማንንም አላየችም። የልጇ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ታያለች። ከሳምንት በኋላ ልጅቷ ጡት መጥባት ጀምራ፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ወጣች።

ጋሽ ሰይድ ያስቸገረንን ሬዚስተር ከሁለቱ ትራንዚስተሮች ጋር አንድ ላይ አሥረው ሰቀሉት። “በቃ፣ አሁን ዲፕሎማሽ ማኅተም አገኘ” አሉኝ።

ዛሬም ወልድያ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼንም እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ጥገኛ ምንጭ ያለበት ሰርኪዩት ሲገጥማችሁ፣ ቁጥር ከመስጠታችሁ በፊት ለማን እንደሚታዘዝ ጻፉ። እኔ ይህን ለመማር ሁለት ትራንዚስተር አቃጥያለሁ። ሦስተኛው፣ የጤና ጣቢያው፣ እስካሁን እየሠራ ነው።