«አንዱ ለኢላማ፣ አንዱ ለሌባ»

ዛሬ ጥይት ልገዛ ሄጄ የጠመንጃ ፈቃዴን አስነጥቄ ልመጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ!

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ ተኩስ ክለብ እሄዳለሁ። ፈቃዴም ለዚያ ብቻ ነው። ሰሞኑን ግን እዚህ ባሕር ማዶ በምኖርበት ታርኔት ሰፈር ጎረቤቴ ቤት ሌባ ገባና እንቅልፍ አጣሁ።

ከቸርች ለማውቀው ለተስፋዬ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ወረቀት የሚበሳው ጥይት ሌላ፣ ቤት የሚጠብቀው ሌላ ነው። ጫፉ የተቦረቦረውን፣ ሰው ሲመታ የሚሰፋውን ይጠይቁ» አለኝ። ከአሜሪካኖች ቪዲዮ ያየው ነው። እኔም አምኜ ሄድኩ!

ሱቅ ገብቼ ሻጯን «ሁለት ዓይነት ስጪኝ፤ አንዱ ለኢላማ፣ አንዱ ለሌባ» አልኳት።

እጇን ከጥይቱ ካርቶን ላይ አነሳች። «ጌታዬ፣ እዚህ አገር ራስን ለመከላከል ተብሎ ጥይት አይሸጥም። እንዲህ እያሉ ፈቃድዎን ያስወስዳሉ። ለመሆኑ ማን ላይ ሊተኩሱ ነው?»

ባደግሁበት አገር «በጠመንጃ ቤት አይጠበቅም» ብትል ይሳቅብሃል። እዚህ ግን ባዶ እጄን ወጣሁ።

ከመኪናዬ ደውዬ ተስፋዬን ስቆጣው «ታዲያ እርስዎ ‹ለሌባ› ብለው በአፍዎ ይናገራሉ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይባስ ብሎ!

ከሁሉ ያናደደኝ ግን እኔው ራሴ ነኝ። ጠዋት ተንበርክኬ «የሚበድሉኝን ይቅር በላቸው» ብዬ የወጣሁ ሰው፣ ከሰዓት ሌባውን በየትኛው ጥይት እንደምመታው ሳማርጥ ነበር።

ነገ የቤቴን በር ቁልፍ አስቀይራለሁ።

እናንተስ፣ ጸሎታችሁና እጃችሁ የተጣሉበት ቀን የለም? እስኪ አጫውቱኝ፣ ብቻዬን አልፈር።