ክሬሚያ በአጎቴ እጅ

አጎቴ ክሬሚያን የሚያስረዱት ያለ ካርታ፣ በእጃቸው ነበር። ወጣት የባሕር ኃይል ተማሪ ሳሉ ከምጽዋ ወደ ክሬሚያዋ ወደብ ሴቫስቶፖል ተልከው ስለነበር፣ እዚህ ስደት አገር፣ ዋይትሆርን ሰፈር ባለው ሳሎናቸው ውስጥ የክሬሚያ ዜና በተነሳ ቁጥር መዳፋቸውን ቁልቁል ያንጠለጥላሉ። «የእጄ አንጓ ከዩክሬን የሚያያይዛት ቀጭን መሬት ነው፤ አውራ ጣቴ ወደ ሩሲያ፤ ዙሪያው ጥቁር ባሕር።» ጣቶቻቸው ከመብራት እንጨት ስለሚረዝሙ «ጋሼ፣ ባሕሩን ተሻግረው ቱርክ ገቡ እኮ!» እላቸዋለሁ።

ሁለት ወዳጆቻቸው፣ አንዱ ኤርትራዊ አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ «ክሬሚያ የማን ናት?» ብለው ሲከራከሩ ጩኸታቸው ጎረቤት ከተማ ኮክረን ድረስ ይሰማል። ክርክሩ ዞሮ ዞሮ ምጽዋ ላይ ያርፋል። ያኔ አጎቴ ያንን እጅ መካከላቸው ያስገቡና፣ «የክሬሚያ ነባር ሕዝብ ታታሮቹ በባቡር ተጭነው በግዞት ሲወሰዱ ቤታቸው ማን ገባ? እሱን መልሱልኝና ትቀጥላላችሁ» ይላሉ። ሁለቱም አንገታቸውን ይደፋሉ።

አጎቴ ካረፉ በኋላ፣ ባለፈው እሑድ፣ እነዚያው ወዳጆቻቸው ሊያጽናኑን መጥተው ያው የክሬሚያ ክርክር ተነሳ።

«ምጽዋን እናንተ ናችሁ ያፈረሳችሁት!» አሉ ኤርትራዊው።

«ሂድ ወዲያ! መጀመሪያ ማን ተኮሰ?»

እንደ ወትሮው ምጽዋ ላይ ሲደርሱ ድንገት ወደ አጎቴ ባዶ ወንበር ዞሩ። ጠበቁ። ቀልድ ፈለግሁ፤ አንድም አልመጣልኝ። እጄን አንጠልጥዬ መካከላቸው ዘረጋሁ። ለአፍታ አዩት፤ ከዚያ እጄ እዚያ እንደሌለ ሁሉ በላዩ ላይ መጯጯህ ጀመሩ።