ይቅደሙ አባቴ

በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ ድልድል ሊመጣ ነው ተባለ። ሰቆጣ የምኖር የከብት ክትባት ሠራተኛ ነኝ፤ ለጡረታ ገና ዓመታት ይቀሩኛል። አዲሱ ኃላፊያችን፣ የበኩር ልጄን የሚያክል ሰው፣ በስብሰባ ላይ «ገጠር የሚመደበው አቀበት የሚችል ነው» አለ። ለክትባት ሠራተኛ ደግሞ ከገጠር ሌላ መደብ የለም። በድልድል ቦታ ያጣ ሰው ተንሳፋፊ ይባላል፤ እስኪሰናበት ድረስ ቢሮው ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ትንሿ ልጄ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት። ያን ሳምንት ጸጉሬን ጥቁር ቀለም ተቀባሁ። ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ለክትባት ወደ ጋዝጊብላ ወጣን። መኪናው መንገዱ ሲያልቅበት አውርዶን ተመለሰ፤ የቀረው አቀበት ነው። ኃላፊው አብሮን ነበር። የመድኃኒቱን ሳጥን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ፈጠን ብዬ አለፍኩት። ምን ዋጋ አለው! እኛ አገር ታናሽ ታላቁን ቀድሞ አይሄድም። «ይቅደሙ አባቴ» ብለው ሁሉም ከኋላዬ ሆኑ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ይቅርብኝ! ከኋላ ብሆን ሰረቅ አድርጌ አርፍ ነበር፤ አሁን የሁሉም ዓይን ጉልበቴ ላይ ነው። እኔ ከዘገየሁ ሁሉም ይዘገያል።

ፈራሁ። ገደሉን አይደለም፤ የራሴን ትንፋሽ ነው የፈራሁት። አላስችል ሲለኝ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ቆምኩና «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። እዚያ ኔትወርክ እንደሌለ ትዝ ያለኝ ሁሉም ዝም ሲሉ ነው። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

መንደሩ ደርሰን እስከ ከሰዓት ከብት ስንከትብ ዋልን። እኔ ጆሮዬ ኃላፊው ጋ ነበር፤ ከማን ጋር ምን እንደሚያወራ ስሰማ ዋልኩ። በኋላ አንድ ገበሬ ቤት ለምሳ ገባን። ኃላፊው መቀመጫውን ለቀቀልኝ፤ ማስታጠቢያውንም ከልጅቷ ተቀብሎ እጄን ሊያስታጥበኝ ጎንበስ አለ።

«አባቴ፣ ዛሬ ሲወጡ አይቼ አንጀቴን በሉት» አለኝ። «ከእንግዲህ እርስዎን አናደክምም። በድልድሉ ገጠሩን ለልጆቹ ሰጥቼዋለሁ፤ እርስዎ ይረፉ።»

«ያሳደገህ ይባረክ!» አሉት የቤቱ ሰዎች።

የት ሄጄ ነው የማርፈው ልለው አፌን ከፈትኩ። ውኃው ግን እጄ ላይ እየፈሰሰ ነበር፤ ሁሉም ምርቃቴን ይጠብቃል። «እደግ ልጄ» አልኩት።