ውሻዋ ስንት ወር ሲሞላት?

ደብረ ማርቆስ በማስተማርበት ጊዜ የመጀመሪያዋ ውሻዬ ስምንት ቡችሎች ወለደች። ወንዶቹን ጎረቤቶች ተሻሙባቸው። አራቱን ሴቶች ግን የሚወስድ ጠፋ። ጡት እስኪጥሉ ጠብቄ በር ለበር ዞሬ ለመንኩ፤ እምቢ አሉኝ። አንድ እሑድ ካርቶን ውስጥ አድርጌ ከከተማው ወጣ ካለ ሜዳ ላይ ጥያቸው ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

እናታቸው በዓመቱ በበሽታ ሞተችብኝ። በኋላ አባቴ ዓይናቸውን ሊታከሙ ከጉንደ ወይን ሲመጡ፣ አምስት ወር የሞላት ሴት ውሻ በገመድ እየሳቡ ይዘውልኝ መጡ። እኔም በነጋታው አባቴንም ውሻዋንም ይዤ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄድኩ።

«ለስሪያ ሳትደርስ፣ ስድስት ወር ሲሞላት ማምከን ይቻላል» አለኝ ሐኪሙ። «በኋላ ጡቷ ላይ ዕጢ እንዳይወጣባትም ይረዳል። ግን እግሯን ሲያዩት ትልቅ ውሻ ነው የምትሆነው። አጥንቷ እስኪጠና ይቆይ፣ የመጀመሪያው ስሪያ ይለፍ የሚሉም አሉ። አጥራችሁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ፣ ብዙም ሳላስብ።

አባቴ ጣልቃ ገቡ። «ወይፈን እንኳ ትከሻው ሳይጠና ከተኮላሸ ለቀንበር አይሆንም። እሷንስ ምን አስቸኮላችሁ?»

«አባባ፣ እሷ ቀንበር አትሸከምም እኮ» አልኳቸው።

«ሌባ ትይዝ የለም? ጉልበት ያስፈልጋታል።»

ሐኪሙ ሳቀ፤ ተሳስተዋል ግን አላላቸውም። እኔም መቆየቱን መረጥኩ።

ስምንት ወር ሊሞላት ሲል ስሪያዋ መጣ። ጠዋት በሩን ስከፍት አምስት ወንድ ውሾች ደጃፌ ላይ ተኝተዋል። በሦስተኛው ቀን ቁጥራቸው በዛ፤ የባሕር ዛፉን አጥር ከሥሩ ይቆፍሩ ጀመር። ኪዳን ለማድረስ በደጃችን የሚያልፉት ጎረቤታችን ቄስ ነጠላቸውን ሰብስበው ቆሙና «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ዓይነት ማኅበር ነው የጠራሽው?» አሉኝ። አፍሬ በሩን ዘጋሁ።

ትምህርት ቤት ስሄድ ጥበቃው ዓይናቸውን በየተራ እየታከሙ እኔ ጋ በቆዩት አባቴ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ዓይናቸው ገና በፋሻ እንደተሸፈነ፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው በሩ ሥር በርጩማ ላይ ይውላሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ! እኔ ስመለስ ማን ከየት በኩል እንደሞከረ አንድ በአንድ ይነግሩኛል። አንድ ቀን ቡናማው ውሻ ግማሽ አካሉን በአጥሩ አሾልኮ ስላገኙት ወገቡን በዱላ አሉት፤ ያን ማታ ግን እራት አልበላ አላቸው።

«ባልመታው ጥሩ ነበር» አሉ። «እሱ ምን አጠፋ? የዘገየነው እኛ።»

ከእኔ በላይ እሳቸው መጸጸታቸው ልቤን ነካው። ስለ ካርቶኑ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። አልፈረዱብኝም፣ አላጽናኑኝምም። «ነገ ሐኪሙ ዘንድ ውሰጃት» ብቻ አሉ።

ሐኪሙ ግን አሁን አይሆንም አለ፤ በስሪያ ጊዜ ማህፀኗ ደም ስለሚበዛበት፣ ካለፈ በኋላ ሁለት ሦስት ወር መቆየት ይሻላል። በዚህ መካከል አባቴ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔ የአጥሩን ሥር በድንጋይ አስደፈንኩ።

በአሥራ አንደኛ ወሯ፣ ሳታረግዝ፣ የማምከኛው ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ቁስሏን እንዳትልሰው አሮጌ ሹራቤን እጅጌውን ቆርጬ አለበስኳት፤ በሁለተኛው ቀን ቀዳደደችው፤ ሌላ አለበስኳት። ስፌቱ ሳያመረቅዝ ዳነ። ለአባቴ ስደውል «ትበላለች?» ብለው ጠየቁኝ። ትበላለች አልኳቸው።

አሁን አስተማሪ ጓደኞቼ ስንት ወር ላይ ማምከን እንደሚሻል ይጠይቁኛል። ወደ ሐኪም እልካቸዋለሁ። ሲጫኑኝ ግን፣ ቀኑን ሙሉ በሩን የሚጠብቅላቸው ሰው ቤት ከሌለ ስድስት ወሯን እንዳያሳልፉ እነግራቸዋለሁ። አባቴ ግን «በሩን ጠብቆ አጥንቷ እስኪጠና መቆየት ነው» እያሉ ዛሬም አይስማሙም።