ያልተነበበው ምልክት

በዚህ ነገር ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። አንደኛው ሸህዬ ናቸው፤ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ መንደር ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ደረሳ የሚባሉትን ተማሪዎች ያስተማሩ፣ በመጨረሻ ዓይናቸው የከዳቸው ሽማግሌ። ሁለተኛዋ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ የማተሚያውን ገንዘብ የላከች። ሦስተኛው ደሴ ያለ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ መልኩን ያየሁት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። አራተኛዋ ልጄ ናት። አምስተኛው እኔ። ስም አልጽፍም። በሕይወት ያሉት እንዲጻፍ የሚፈልጉ አይመስለኝም፤ የሞቱትን ደግሞ መጠየቅ አይቻልም።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሲገባ ሰው ሁሉ ማመልከቻ የሚጽፍለት ይፈልግ ነበርና አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ገዝቼ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። ጣቶቼ አስተማሪ አልነበራቸውም። ከዓመታት በኋላ ከደሴ ያገለገለ ኮምፒውተር አምጥቼ አንዲት ክፍል ስከራይም እንዲሁ በራሴ ነው የለመድኩት፤ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ የመመሪያውን መጽሐፍ ቃል በቃል እየፈታሁ። በዚህ እኮራ ነበር። በራሱ የተማረ ሰው ግን አንድ ክፉ አመል አለው፦ ራሱ ያላገኘውን ነገር ያቃልላል። ልጄ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር እኔው ዘንድ ገባች። በስድስት ወር ውስጥ በፍጥነት በለጠችኝ። አንድም ቀን «ጎበዝ» አላልኳትም። ልጅ ከተመሰገነ ይበላሻል ብዬ አምን ነበር።

ሸህዬ የመጡት ከአንድ ደረሳቸው ጋር፣ ትከሻውን ይዘው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ያ የሚጽፈው ሰው ቤት ይኼ ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። ነው ሸህዬ፣ ይግቡ።»

«ለጎረቤቴ የመሬት አቤቱታ የጻፍክለት አንተ ነህ? ዳኛው አንብቦ አለቀሰ አሉ።»

«አላለቀሰም ሸህዬ፤ ጉንፋን ይዞት ነው» አለች ልጄ ከማሽኑ ኋላ።

በዓይኔ ገላመጥኳት። ሸህዬ ግን ሳቁ። «ይቺ ደግሞ ማናት?»

«ልጄ ናት። ይቅርታ ያድርጉላት።»

«ምላሷ ደኅና ነው። እጇም እንዲህ ከሆነ ሥራችን ተቃና።»

ሥራቸው ይኼ ነበር። ያስተማሯቸው ትልቁ ሸህ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ከሞቱ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። ትልቁ ሸህ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ምላስ የሰጡት ምክር በሸህዬ ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ የለም። ሸህዬ ያንን በቃል ሊያስጽፉና ከእያንዳንዱ ምክር ሥር የራሳቸውን ማብራሪያ ሊያክሉ ፈለጉ። ለመውሊድ እንዲደርስ፣ ደረሶቹ በእጃቸው እንዲይዙት።

«አንድ ነገር ብቻ አደራ» አሉ። «የሳቸውን ቃልና የኔን ቃል እንዳታቀላቅሉብኝ። የሳቸው ቃል እኔ ዘንድ አማና ነው፤ የማስረክበው አደራ። የኔን ተራ ወሬ ሰው የሳቸው ነው ብሎ ቢይዘው ነገ አላህ ፊት ምን እመልሳለሁ?»

«አብሽሩ ሸህዬ» አልኳቸው። «የሳቸው በደማቅ ፊደል፣ የእርስዎ በቀጭን ይሆናል። ሕፃንም አይሳሳተውም።»

ወራት ፈጀ። ሸህዬ ይናገራሉ፣ ልጄ ትጽፋለች። ትዝ ከሚለኝ አንዱ፣ ትልቁ ሸህ ከገበያ ስትመለስ መጀመሪያ የጎረቤትህን መልእክት አድርስ፣ የራስህን ሸቀጥ ከዚያ አራግፍ ያሉት ነው። ሸህዬ ከሥሩ እንዲህ አስጻፉ፦ «ይህን ያሉት እኔን አይተው ነው። የጎረቤቴን ጨው ከወረኢሉ ገበያ ይዤ መጥቼ ቤቴ ረስቼው ከረምኩ። ሴትዮዋ አልጫ ስትበላ ሰነበተች።» ልጄ እየጻፈች ትስቃለች፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ ብቻ ነኝ ሥራ ነው ብዬ ፊቴን የማከብደው።

አሁን ስለ ምልክቱ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

እኛ ማሽን ላይ ያደመቅነው፣ መሐል ያደረግነው ጽሑፍ ደሴ ሄዶ ሲከፈት ይፈራርስ ነበር። የነሱ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም እኛ ዘንድ የለም፤ የኛ አሮጌ ማሽንም አይሸከመውም። የማተሚያ ቤቱ ሰው በስልክ ለልጄ መላ ነገራት። ጽሑፉን እርቃኑን ጻፉ፤ አታድምቁ፣ አታስምሩ። ደማቅ እንዲሆን የምትፈልጉት ቃል ፊት በሁለት ሹል ቅንፎች መሐል አንድ የፈረንጅ ፊደል አስቀምጡ፤ ቃሉ ሲያልቅ ያንኑ ምልክት ድገሙት። የኔ ማሽን ምልክቱን ያነባል፣ ያደምቃል፣ ከዚያ ምልክቱን ራሱ ያጠፋዋል። ለርእስም፣ ለአዲስ ገጽም እንዲሁ የየራሱ ምልክት ነበረው።

ልጄ ወዲያው ገባት። «አባ፣ እንደ አምፖል ማብሪያ ማለት ነው» አለችኝ። «አንዴ ሲጫኑት ይበራል፣ ያንኑ ሲደግሙት ይጠፋል።»

እኔ አልወደድኩትም። ዕድሜዬን ሙሉ ንጹሕ ገጽ ለመጻፍ የደከምኩ ሰው ነኝ። በጽሕፈት መኪናው ዘመን ርእሱን መሐል ለማድረግ ባዶ ቦታውን በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር የምሠራው። አሁን በምክሩ ቃል ዙሪያ እንደ ጥሻ የበቀለውን ቅንፍ ሳይ ቆሻሻ መሰለኝ። ግን ሌላ መንገድ ስላልነበረ ተቀበልኩት።

ጽሑፉ ሲያልቅ ሸህዬ እንደ ልማዳቸው ይሰማ አሉ። እሳቸው የተማሩበት ሥርዓት ይኼ ነው፦ መጽሐፍ የሚታረመው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። ባለቤቱ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል፤ ባለቤቱ «ልክ ነው» ሲል ያን ጊዜ ይለቀቃል። ዓይናቸው ቢያይም ኖሮ ከዚህ አይወጡም ነበር። አንድ ሐሙስ እቤታቸው ተሰበሰብን፣ ዱዓ ተደረገ፣ ደረሶቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ፣ ልጄ ከማሽናችን የወጣውን ወረቀት ይዛ፣ ምልክቱንም ጭምር እያነበበች ጀመረች።

«ማድመቂያ። እንግዳ ሲመጣ ስንት ቀን እንደሚቆይ አትጠይቅ። ማድመቂያ። ይህ ማለት…»

ከደረሶቹ አንዱ አላስቻለውም። «በየመንደሩ ታቆማለች! ወራጅ አለ ማለት ብቻ ነው የቀራት!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ተናደድኩ፤ በደረሳው ሳይሆን በልጄ። «የማሽኑን ነገር ከዲን ቃል ጋር አትቀላቅይ። ቃሉን ብቻ አንብቢ።»

«አባ፣ ምልክቱም እኮ ከተሳሳተ…»

«ቃሉን ብቻ አልኩ!»

ሸህዬም ለስለስ አድርገው «ለጆሮ አይመችም ልጄ፤ ተይው» አሉ።

ተወችው። ከዚያ በኋላ ቃሉ ብቻ ተነበበ። ሸህዬ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን ቃል ይመዝኑ ነበር፤ አንዲት «እና» ብትጎድል ያስቆማሉ። ከመጽሐፉ ሲሶ ግድም ላይ «እኔ ደካማው ባሪያ ይህን ሳብራራ አፍራለሁ» የሚል የራሳቸው ዐረፍተ ነገር መጣ።

«እሱን አውጪው» አሉ። «ራስን ማዋረድም ሲበዛ ኩራት ነው።»

ልጄ በኋላ ማሽኑ ላይ አወጣችው። ከዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ተጣብቆ የሚቀጥለውን የትልቁን ሸህ ቃል የሚያበራው ምልክት ነበር። እሱም አብሮ ወጣ። የታረመውን በሳምንቱ ደግመን አሰማናቸው፤ ቃሉ አንድም አልጎደለም። «ልክ ነው፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ቤት ስንመለስ ልጄ አንድ ቀን ስጠኝ አለችኝ። «አባ፣ ነገ ምልክቶቹን ብቻ ልያቸው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ማለቅ አለባቸው።»

«ሸህዬ ልክ ነው ብለዋል። አንቺ ከሳቸው በላይ ልታርሚ ነው?»

«እሳቸው ምልክቱን አልሰሙትም እኮ።»

«መውሊድ ደርሷል። ዲስኩ ነገ በአውቶቡስ ይሄዳል።»

ሄደ። የማተሚያ ቤቱ ሰው ለናሙና የላከልን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ብቻ ነበር፤ እነሱ ያማሩ ነበሩ። የትልቁ ሸህ ቃል እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ የሸህዬ ከሥሩ ቀጥኖ። አየሁትና ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ቅንፍ ሁሉ ለምን እንደሆነ ገባኝ። «እትሙት» ብዬ አስደወልኩ።

መጽሐፉ በመውሊድ ዋዜማ በአቀስታ በኩል በመጣው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሆኖ ደረሰ። በማግስቱ መውሊዱ በሚከበርበት ሐድራ ላይ ደረሶቹ እየሳሙ ተቀበሉት። ሸህዬ በሁለት እጃቸው ይዘው አሸተቱት። ከዚያ ያንኑ አፈኛ ደረሳ አስጠሩ።

«መሐሉን ክፈትና ደማቁን ብቻ አንብብልኝ። ዛሬ የሳቸውን ቃል ብቻ ነው መስማት የምፈልገው።»

ልጁ ከፈተ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጎረቤቴን ጨው ከወረኢሉ ገበያ ይዤ መጥቼ ቤቴ ረስቼው ከረምኩ…»

ሰዉ ሳቀ። ሸህዬ አልሳቁም።

«ደማቁን ነው ያልኩህ።»

«ደማቁ ነው ሸህዬ።»

«ጨው የረሳሁት እኔ ነኝ! ሌላ ቦታ ክፈት።»

ሌላ ቦታ ከፈተ፤ ደማቁ የሸህዬ የራሳቸው ቃል ነበር። ሌላም ከፈተ፤ ያው። ከዚያች ከወጣችው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ማብራቱና ማጥፋቱ ተገልብጦ ነበር። የትልቁ ሸህ ምክር እንደ ተራ ማብራሪያ ቀጥኖ ከላይ ተቀምጧል፤ የሸህዬ ጨው፣ የሸህዬ ስንፍና፣ የሸህዬ ቀልድ በትልቁ ሸህ ፊደል ደምቋል። ቃሉ በሙሉ ልክ ነው። ባለቤቱ ብቻ ተለዋውጧል።

ሸህዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ቀስ ብለው «ይኼ የማን እጅ ነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። «የልጄ ነው» አልኩ እኔ። «ዐረፍተ ነገሯን ስታወጣ ምልክቱን አብራ አወጣችው። ልቧ ሥራ ላይ አይደለም። ምላስ ብቻ ናት።»

የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ያወጣችው እሷ ናት። እውነት ስለሆነም ትክክል የሠራሁ መሰለኝ። ልጄ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ወጣች።

ሸህዬ እስክትወጣ ጠበቁ። «ልጅቱ ልታነብልን ነበር» አሉ። «ያስቆምናት እኛ ነን። አንተ ጮኽክ፣ እኔ አባበልኩ፣ እነዚህ ሳቁ።»

ሰማኋቸው፤ ግን ለልጄ ሄጄ አልነገርኳትም። አባት ለልጁ ተሳስቻለሁ ካለ ቤቱ ይፈርሳል የሚል ሐሳብ ነበረኝ።

ማተሚያ ቤት ደወልን። «እኔ የላካችሁትን ነው ያወጣሁት» አለ ሰውየው። «ማሽኔ ምልክት ያውቃል እንጂ ሸህ አያውቅም። ግን አዝናለሁ፤ የወረቀቱን ብቻ ክፈሉና ደግሜ ላትምላችሁ።» የጅዳዋ ልጅ እንደገና እልካለሁ ብላ ነበር። ሸህዬ እምቢ አሉ። «ያቺ ልጅ የምትልከው ደሟን ነው። ሁለት ጊዜ አልጠጣም።» መጽሐፎቹን ቤታቸው አስደረደሩ፤ እሳቸው በሌሉበት እንዳይከፈት አሉ። ደረሳ ሲያነብ አጠገቡ ተቀምጠው «ይኼ የሳቸው ነው፣ ይኼ የኔ ነው» ይሉ ነበር። አፋቸው ምልክቱ ሆነ።

ልጄ በዓመቱ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አወጣች። አትሄጂም ብዬ አልጮኽኩም፤ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ እቃዋን ሳቀብላት «አባ፣ መሳቢያው ውስጥ ሰማያዊ ዲስክ አለ» አለችኝ። «ምልክቱን መልሼበታለሁ። እያንዳንዱን ሁለቴ አይቼዋለሁ።»

«መቼ ሠራሽው?»

«የመውሊዱ ለት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃሉን ብቻ አንብቢ ብለኸኝ ነበር» አለችና ገባች። ረዳቱ በሩን መታ።

ዲስኩ አለ። ሸህዬ ከሞቱ በኋላ ለማሳተም ተነሥቼ ከፍቼው ነበር፤ እንዳለችው ነው፣ አንድም አይጎድልም። ገንዘቡን እስካጠራቅም ማሽኑ ሞተ፤ አሁን እንዲህ ያለ ዲስክ የሚያነብ በከተማው የለም። ደረሶቹ የሸህዬ መታሰቢያ ነው ብለው የተደረደረውን መጽሐፍ አከፋፈሉት። አቀስታ ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ትልቁ ሸህ ሲያወሩ ሰማሁ። «እሳቸውም እኮ የጎረቤት ጨው ረስተው ያውቃሉ» ይላል አንዱ። ቆሜ ላርም አሰብኩ፤ ከዚያ የትኛውን አርሜ የትኛውን ልተው?

ወጪው ይኼ ነው። ለማተሚያ ቤቱ ስድስት ሺህ ብር ተከፍሏል፤ እሱ የጅዳዋ ልጅ የወራት ጉልበት ነው፣ በእጇም አንድ መጽሐፍ አልገባም። የማተሚያ ቤቱ ሰው ከኛ ወዲያ ከአካባቢያችን ሥራ አልመጣለትም። ትልቁ ሸህ ያልረሱትን ጨው ረሱ ተባሉ። ሸህዬ አማናቸውን ሳያስረክቡ ሄዱ። ልጄ ለዒድ ትደውላለች፣ ጤናዬን ትጠይቃለች፣ ትዘጋለች። ሌላ ልጅ አልነበረኝም።